«አለሁ» የሚለው ቁልፍ

ልጅቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ላፕቶፑን በሁለት ትራስ አስደግፋ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብላ ሰከንድ ትቆጥር ነበር። ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት። እማማ ከመጋረጃው ወዲያ ምድጃው አጠገብ ድንች ይልጣሉ። ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ፣ እጃቸው ሥራውን ሳያቋርጥ፣ አፋቸው ከልባቸው ቀድሞ «አርባ አንድ ላይ ነው የሚከፍተው» አለ። ቆጠራው ቀጥ አለ። ከመጋረጃው ማዶ የልጅቷ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ ስትጠብቀው የነበረው ገጽ ተከፍቷል። «በምን አወቅሽ እማዬ?» አለች። «እኔ ምን አውቄ፤ ከጠዋት ጀምሮ አርባ አንድ ስትይ ሰምቼ ነዋ» አሉ እማማ። ልጅቷ በዚያ ቀን ስትቆጥር ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ነገር ግን ስልኳ ጮኸና ወሬው በዚያው ተረሳ። የተረሳው ለእሷ ነው፤ እማማስ ቢላዋውን አስቀምጠው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው፣ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ።

በግቢው ትልቅ ትንሹ «እማማ» ነው የሚላቸው። ከኋላቸው ደግሞ «እማማ ስጋት» ይሏቸዋል። ሰማዩ ሲጠቁር ልብስ አስገቡ የሚሉ፣ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ይሄ ፀሐይ ጤና አይደለም የሚሉ ሴት ናቸው። ሶኬት ባዩ ቁጥር ይነቅላሉ፣ የተዘጋ በር ሁለቴ ይዘጋሉ፣ የጎረቤት ልጅ ቢያስል ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ። ይህን ሁሉ በአደባባይ የሚሰጉት ሴትዮ ዋናውን ስጋታቸውን ግን ለአንድም ነፍስ አልተናገሩም። በየወሩ መጀመሪያ፣ ልጅቷ ሥራ ስትሄድ፣ ስልካቸውን ይዘው ልብስ ማስጫው ሥር ይቀመጣሉ። የቤት ፈላጊዎች መዝገብ የሚባለውን ገጽ ይከፍታሉ፤ ከዜሮ የሚጀምር ስምንት አሃዝ ቁጥር ያስገባሉ፤ አርባ አንድ ሰከንድ ይጠብቃሉ። ገጹ ሲከፈት የባላቸው ስም ብቅ ይላል፤ ከስሙ ሥር የወረፋ ቁጥር፣ ከወረፋው ቁጥር ሥር አረንጓዴ ቁልፍ። ቁልፉ ላይ «አለሁ» የሚል ተጽፏል። በየወሩ ያልተጫነው ከወረፋው ይወጣል። እማማ ይጫኑታል። «አለሁ» የሚባልላቸው ሰውዬ ግን ከሞቱ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል።

ክፉ አስበው አልነበረም። ሽማግሌው በሞቱ ሰሞን ሊያሳውቁ ሄደው፣ መስኮቱ ላይ የነበረችው ጸሐፊ ግራ ቀኝ አይታ፣ «እማማ፣ ካሳወቁ በእርስዎ ስም እንደ አዲስ ነው የሚመዘገቡት፣ ከጭራ። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቁትን ውሃ በላው ማለት ነው። ዝም ብለው ይቀጥሉ፤ ማን ይጠይቅዎታል» አለቻቸው። ዝም ብለው ቀጠሉ። ያኔ አምስት ሺህ ምናምን ላይ የነበረው ወረፋ ሲንፏቀቅ ሲንፏቀቅ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ደርሷል። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት መቶ ቤት ይታደላል። እስከ ነገ ማታ «አለሁ» ያላለ ዕጣው ያልፈዋል ተብሏል፤ እማማ ገና በጠዋቱ ብለዋል። አከራያቸው ደግሞ ልጃቸውን ሊድሩ ስለሆነ እነዚህን ሁለት ክፍሎች በሁለት ወር ውስጥ እንደሚፈልጓቸው ነግረዋቸዋል፤ የነገሯቸው በለሰለሰ አንደበት ነው፣ ግን ሦስቴ ነግረዋቸዋል። ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ናት። አባቷ ሌላ ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ሲያስታውስ ብቻ የሚደውል ሰው ነው፤ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለ ወረፋው «በእኔ ስም ነው» ብለዋታል። ከስምንት ወር በፊት ሥራ አገኘሁ ብላ እየዘለለች ስትመጣና የት እንደሆነ ስትነግራቸው እማማ እልል ከማለታቸው በፊት ወንበር ፈለጉ። የዚያን መዝገብ ኮምፒውተር የምትጠብቀው እሷ ሆነች።

የስልኳ ጆሮ ማዳመጫ ስለተበላሸ የሚያናግራት ሰው ድምፅ ሁሌ ወደ ውጭ ነው የሚጮኸው። የደወለው አለቃዋ ነበር። «ሕዝቡ አጥሩን ሊያፈርስብን ነው። ግማሹ አለሁ ማለት አልቻለም። እስከ አሥር ሰዓት ካልተስተካከለ ለበላይ የምጽፈው ያንቺን ስም ነው» አለ። «ከሦስት ወር በፊት እኮ በጽሑፍ ነግሬዎት ነበር፤ መዝገቡ እንደገና ይታይ ብዬ…» «እኔን የሚጠይቁኝ የነገርሽኝን አይደለም፣ የሠራሽውን ነው። ጠረጴዛሽ ላይ ኦዲተሮች ተቀምጠዋል፣ እዚያው ቤትሽ ሆነሽ ጨርሺው። የመነጽርንም ነገር አትርሺ።» መነጽር የሚሉት ከእሷ በፊት የነበረውን ባለሙያ ነው። የሚስቱን ወንድም በወረፋው ላይ ሠላሳ ሰው አስዝልሎት ተገኘና ይኸው ዘጠኝ ወሩ፣ ሚስቱ ምሳ ዕቃ ይዛ ማረሚያ ቤት ትመላለሳለች። ልጅቷ ስልኩን ትራሱ ላይ በግንባሩ ደፋችው። እማማ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ፊቷን አዩ፤ ከንፈሯ ደርቋል። «ቅመሽ ቁራሽ፤ ባዶ ሆድ ክፉ ያሳስባል» አሉ። «ቆይ እማዬ።» «ቆይ ቆይ ስትይ ጨጓራሽ ይበላሻል።» «እማዬ፣ በናትሽ።» እማማ መጋረጃውን መለሱት።

ረፋዱ ላይ እንዲህ ሆነች እንዲያ ሆነች። ተነሥታ ትንጎራደዳለች፤ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ አራት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች። ከራሷ ጋር ታወራለች። ባለፈው ሳምንት ቢሮው ለማሽኑ ተጨማሪ ሜሞሪ ገዝቶ ነበር፤ ገጹ ከአርባ አንድ ሰከንድ ወደ አርባ አንድ ሰከንድ ተሻሻለ ብላ ስቃለች። ትናንት ደግሞ ከገጹ ላይ ሥዕሎቹን ሁሉ አንሥታለች፣ የኃላፊውን ትልቅ ፎቶ ሳይቀር፤ ያም አልረዳም። ዛሬ ሌላ መንገድ ይዛለች። አርባ አንዱ ሰከንድ እያንዳንዱ የት እንደሚገባ፣ ከየትኛው ሥራ ላይ ቆሞ እንደሚቀር፣ አንድ በአንድ እየለካች ትጽፋለች። እማማ ሻይ ይዘውላት ሲገቡ ወረቀቱ ላይ ከተደረደሩት ቁጥሮች ሁሉ አንዷን በቀይ ከብባታለች። አርባ። ቀሪው ሥራ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሰከንድ ነው።

«አገኘሽው?» አሉ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጅ ይዘው። ልጅቷ የምትነግረው ሰው በማግኘቷ ፊቷ በራ። «እማዬ፣ አንድ ጸሐፊ አስቢ። ሰው በመጣ ቁጥር 'ይሄ ሰው በሕይወት አለ ወይ' ብሎ የሟቾች መዝገብ ውስጥ መፈለግ አለበት። የሟቾች መዝገብ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። እነሱ የመታወቂያ ቁጥር ሲጽፉ ከፊት ያለችውን ዜሮ አይጽፉም፣ የእኛ ቢሮ ይጽፋል። ስለዚህ ጸሐፊው ማውጫ ከፍቶ ቀጥ ብሎ መሄድ አይችልም። ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምራል፤ አንዱን ቁጥር ያነሣል፣ ዜሮ ይለጥፍበታል፣ ያስተያያል፣ ይጥለዋል፣ ሁለተኛውን ያነሣል። ሁለት ሚሊዮን ሟች። ለእያንዳንዱ ሰው እንደገና ከአንድ።» «ታዲያ እንዴት አርባ ላይ ይጨርሳል?» «አይጨርስማ። ነገሩ እሱ ነው። መነጽር ሲጽፈው፣ አርባ ሰከንድ ጠብቀህ መልስ ካልመጣ ሰውየው በሕይወት አለ ብለህ አሳልፈው ብሎታል። ጸሐፊው ሁሌም ይደክመዋል፣ ሁሌም ያሳልፋል።» ሳቀች፤ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። «መዝገቡ ከተከፈተ ጀምሮ በእኛ ቢሮ አንድም ሰው ሞቶ አያውቅም ማለት ነው።»

ሻዩ በማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ። እማማ በሻርፓቸው ጫፍ ሊጠርጉት ጎንበስ አሉና እዚያው እንዳጎነበሱ ቆዩ። ለቀብር ፈቃድ የሞት ምስክር ወረቀት ያወጡት በእጃቸው ነው፤ ሽማግሌው በዚያኛው መዝገብ ውስጥ ካሉ ቆይተዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ ፈጣሪ የሸፈናቸው፣ ወይ ባላቸው ከላይ ሆነው የሚጠብቋቸው መስሏቸው ነበር። ለካ የሸፈናቸው የአንድ ማሽን ድካም ነው። «አሁን ምን ልታደርጊው ነው?» አሉ ወደ ወለሉ እያዩ። «ዜሮዋን አንድ ጊዜ አስተካክላለሁ፣ ማውጫ እሠራለታለሁ፣ በቃ። ከዚያ በኋላ በዓይን ጥቅሻ ነው። የሞቱትም በራሳቸው ይወጣሉ።» «ስንት ይሆናሉ?» «እንጃ። ከምሳ በኋላ ዝርዝራቸውን አወጣዋለሁ።» ልጅቷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እማማ ብርጭቆውን ይዘው ሲወጡ ከበሩ ሥር ኢንተርኔቱን የሚያመጣው ገመድ ተዘርግቷል። የቆሸሸ፣ ቀጭን፣ ሁለት ቦታ ላይ በፕላስተር የተጠገነ ገመድ ነው። እግራቸው አጠገቡ ቆመ። ሰው ሳያውቀው የሚረግጠው ዓይነት ነገር ነው፤ አሮጊት ደግሞ ዓይኗ አያይም ይባላል። «እማዬ፣ ገመዱን እንዳትረግጪብኝ አደራ» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል። «አይቼዋለሁ» አሉ። ተራምደውት አለፉ።

«ሽንኩርት አልቋል» ብለው ወጡ። ቅርጫቱ ውስጥ ግን አራት ሽንኩርት አለ። አውቶቡሱ ውስጥ የመስኮት ወንበር ቢያገኙም አልተቀመጡም፤ የተቀመጡ እንደሆነ ሐሳቡ የሚበረታ መሰላቸው። ቢሮው ሲደርሱ ሰልፉ አጥሩን ዞሮ መንገድ ዘግቷል። ስልክ የሌለው፣ ስልክ ኖሮት ገጹ እምቢ ያለው፣ ሁሉም ከነወረቀቱ ቆሟል። ከፊታቸው የነበረችው ሴትዮ ልብስ ሰፊ ናት፤ የመለኪያ ሜትሩን ከአንገቷ ማውረድ እንኳ ረስታለች። «አራት ቀን ተመላለስኩ» አለቻቸው ሳይጠይቋት። «ስልኬ ይሽከረከራል ይሽከረከራል፣ በመጨረሻ ይቅርታ ይለኛል። ይቅርታውን ምን ላድርገው? የሰው ሙሽራ ልብስ ቤቴ አስቀምጬ ነው እዚህ የቆምኩት።» «ስንተኛ ነሽ?» አሏት። «ሦስት መቶ ሁለት። ቤቱ ሦስት መቶ ነው። ከፊቴ ያሉ ሁለት ሰዎች እንዲተዉት እጸልያለሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።» ከኋላ አንድ ዱላ የያዘ ሰው፣ «ሲስተም የለም፣ ሲስተም አልገባም ይሉናል። ኧረ ይሄን ሲስተም የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን ሥራ ገብቶ ያየው አለ?» አለ። ሰልፈኛው ሳቀ፤ የደረቀ ሳቅ። እማማ አልሳቁም። ልብስ ሰፊዋን ላለማየት አጥሩን ያዩ ነበር። ከፊቷ ካሉት ሰዎች አንዱ ሙት ነው፤ ያንን ሙት አቁመው የያዙት እሳቸው ናቸው።

ለጥያቄ ብቻ የተለየው መስኮት ሰልፍ የለውም፤ እዚያ አሁን ያለው ጸጉሩን ወደ ኋላ ያበጠረ ወጣት ነው። «ለጎረቤቴ ነው የምጠይቀው» አሉ እማማ። «ባሏ ሞቶባት ሳታሳውቅ ቆየች። በስሟ ይዛወርላት ይሆን?» «በዘጠና ቀን ውስጥ ከሆነ አዎ፤ አምና የወጣ ደንብ ነው።» «ካለፈስ?» «አዲስ ምዝገባ። ዛሬ የሚመዘገብ ስድሳ አንድ ሺህ ምናምን ላይ ነው።» እማማ መስኮቱን በሁለት እጅ ያዙ። «ሳታሳውቅ ብትቀርስ?» ወጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። «ይሰረዛላ። ቤት ከወሰዱ በኋላ ከተደረሰበት ደግሞ ክስ ነው፤ የረዳም አብሮ ይከሰሳል። ራሷ መጥታ ካሳወቀች ግን ማን ምን ይላታል፤ ይሰረዛል፣ በቃ። ለጎረቤትዎ እንደዚያ ይንገሯት።» «እነግራታለሁ» አሉ እማማ። ሲመለሱ ልብስ ሰፊዋ አሁንም ስልኳን ወደ ሰማይ ከፍ አድርጋ ታወዛውዘው ነበር፤ እንደዚያ ሲያደርጉት የሚሻል ይመስላታል።

ቤት ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። የተዉላት ድንች ከነክዳኑ ቀዝቅዟል። ልጅቷ ሽንኩርቱ የታለ አላለቻቸውም። ከጠዋት ጀምሮ የሚያወራው አፏ ተዘግቷል፤ መንጎራደዱም ቆሟል። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ ማያ ገጹ ላይ ያወጣችውን የሟቾች ዝርዝር ታያለች። «እማዬ» አለች አንዴ። «አቤት ልጄ።» «ምንም።» እማማ እንደ ገና ምድጃውን ለኮሱ። ከመጋረጃው ማዶ የጣቷ ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ መስመር ያህል፣ ተሰማና ቆመ። ይህ ዝምታ ለእማማ ዛሬ የተወለደ አይደለም። አባቷ የሄደ ዕለትም እንደዚሁ ነበሩ፤ አንዷ ከመጋረጃው ወዲህ፣ አንዷ ከመጋረጃው ወዲያ፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ነገር ሁለቱም አላነሡትም፤ እያደር ሳያነሡት መኖር ለመዱ።

ሾርባ ይዘውላት ገቡ። ሳህኑን ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ማያ ገጹ ላይ አረፈ። እማማ ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምረዋል፤ የፈረንጅ ፊደል ያነባሉ፣ ያነበቡት ግን ምን እንደሆነ አያውቁም። ገጹ ከላይ እስከ ታች በዚያ ፊደል ተሞልቷል። ወደ ታች፣ ከሁሉም ለብቻዋ በምትታይ አጭር መስመር ላይ ግን አንድ ቁጥር አለች፤ ከዜሮ የምትጀምር፣ ስምንት አሃዝ። የልጆቻቸውን የልደት ቀን የሚረሱት እማማ ያቺን ቁጥር በእንቅልፍ ልባቸው ይጠሯታል። የገዛ ባላቸው መታወቂያ ናት። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ሌላ የሰው ቁጥር የለም። ምን እንዳለች ለመረዳት ፊደሉን ማወቅ አላስፈለጋቸውም። የሞቱትን ሁሉ አውጣ፣ ከእኚህ ሰውዬ በቀር፤ ብላለች። ልጅቷ ማያ ገጹን ቀስ ብላ ወደ ራሷ አዘነበለችው። «ትኩስ ነው?» አለች ሾርባውን እያየች። «ትኩስ ነው፤ ቀስ ብለሽ» አሉ እማማ። ከመጋረጃው ወጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። በመጀመሪያ የተሰማቸው ደስታ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው። ሁለት ክፍል ቤት፣ የራስ ቁልፍ፣ የማንም ልጅ ቢዳር የማይነቃነቁበት ግድግዳ። ደስታው የሾርባውን ሙቀት ያህል እንኳ አልቆየም። ከኋላው ፍርሃት መጣ። ይሁን፣ ዝም እንበል፣ ማን ያያል፤ አሉ ለራሳቸው። ድሮ መስኮቱ ላይ የነበረችውም እንደዚሁ ነበር ያለችው።

አሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ልጅቷ «ላክሁት» አለች። ማንም አልጠየቃትም። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ፣ የአለቃው ድምፅ ክፍሉን ሞላው። እንደ ጠዋቱ አይደለም፣ ማር ሆኗል። «አንቺ ልጅ፣ ተአምር ነው የሠራሽው። ሳልነካው ይከፍታል። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሙት ተሸክመን ኖሯል የምንሄደው፤ ሰልፉም እየተበተነ ነው።» «ደስ ይላል» አለች ልጅቷ። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ነይ። ኦዲተሮቹ የጻፍሽውን መስመር በመስመር ሊያዩት ይፈልጋሉ፤ አጠገባቸው ቁጭ ብለሽ ታስረጃቸዋለሽ። በመነጽር ጊዜ የተደረገብንን ታውቂያለሽ፣ አሁን ማንንም አያምኑም። ሰነዱ ላይ ሙሉ ስምሽን ጻፊበት፣ እስከ አያት።» ልጅቷ «እስከ አያት?» አለች። «እንዴታ። ደንቡ ነው።» «እሺ።»

እማማ በርጩማው ላይ እንደ ተቀመጡ ቀሩ። የልጅቷ ሙሉ ስም ሲጻፍ ሦስተኛው የሽማግሌው ስም ነው። ኦዲተር የሚባል ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ አያውቁም፤ ግን ስምና ስም አስተያይቶ የማያውቅ ሰው እንደሌለ ያውቃሉ። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ሙት ወጥቶ አንድ ሙት ብቻ ሲቀር፣ ያም የቀረው በሠራተኛዋ ስም ጫፍ ላይ ሲገኝ፣ ለማየት መነጽር አያስፈልግም። ልጅቷ ወጣች፣ ጫማዋን አደረገች። ፊቷ ገርጥቷል። «ዳቦ ልግዛ» አለች፤ «ነፋስም ይምታኝ።» «ሹራብ ደርቢ» አሉ እማማ። «አይበርድም።» «ደርቢ ስልሽ።» ደረበች። ከደጅ ከአከራይዋ ጋር ስትነጋገር፣ «እንዴት ዋልሽ ልጄ፣ ቤት ነገር እንዴት ሆነላችሁ?» ስትባል፣ «እየሞከርን ነው» ስትል ሰሟት። ድምፅዋ ውስጥ ከዚህ በፊት የማያውቁት ነገር ነበር፤ የሚደብቅ ሰው ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ ከማን እንደ ወረሰችው እማማ አወቁ።

የግቢው በር ሲዘጋ ስልካቸውን አወጡ። ልብስ ማስጫው ሥር አልሄዱም፤ እዚያው አልጋው ላይ፣ ላፕቶፑ አጠገብ ተቀመጡ። ቁጥሩን አስገቡ። የባላቸው ስም እንደ ጎረቤት ሳያንኳኳ ገባ። ወረፋው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት አልነበረም፤ መቶ ሰማንያ ስምንት። ከፊታቸው የነበሩ ሃያ አራት ሙታን ወጥተው ባላቸውን ወደ ፊት ገፍተዋቸዋል። እማማ ቁጥሩን ብዙ ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጣታቸው ከአረንጓዴው ቁልፍ አልፎ ወደ ታች ሄደ፤ ስድስት ዓመት ሲያልፉት ወደ ኖሩት፣ በደቃቅ ፊደል ወደ ተጻፈው። «ሞት ለማሳወቅ» ይላል። የሞቱበትን ቀን ጠየቃቸው፤ ጻፉ። ዝምድናዎ አለ፤ «ሚስት» የሚለውን መረጡ። እርግጠኛ ነዎት ወይ ሲላቸው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። የሽማግሌው መላጣ ራስ፣ ወረፋ ሊይዙ የሄዱ ቀን የተበደሩት ኮት፣ «ለአንቺና ለልጆቹ ነው» ያሉት፣ ሁሉም መጣባቸው። የልጅቷ ደረቅ ከንፈርም መጣ። ተጫኑት። ጣታቸውን ከመስታወቱ ሳያነሡ ስሙ ጠፋ፣ ቁጥሩ ጠፋ፣ ነጭ ገጽ ቀረ። ያ ገጽ ድሮ ቢሆን ለመጸጸት ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ አሁን አልሰጣቸውም።

ልጅቷ ዳቦ ይዛ ስትገባ እማማ ላፕቶፑን በጉልበታቸው ላይ እንደ ታቀፉ አገኘቻቸው። ከዚህ ቀደም ነክተውት አያውቁም። «ምን ሆንሽ?» አለች። «ያቺን አንዷን መስመር አጥፊያት» አሉ። «የቷን መስመር?» «ቁጥር ያለባትን።» ልጅቷ ዳቦውን አልጋው ላይ አስቀመጠች። ሹራቧን ልታወልቅ ጀምራ አንድ እጇን ብቻ አውጥታ ቀረች። ከውጭ የአከራይዋ ዶሮዎች ይንጫጫሉ። «እማዬ፣ ማንም አያውቅም እኮ» አለች በመጨረሻ። «እኔ አውቄያለሁ። ከእንግዲህ መስመሯ ምንም አትሠራልሽም፤ አሳውቄያለሁ።» ልጅቷ ስልካቸውን ወስዳ አየችው፣ ነጩን ገጽ። «መቶ ሰማንያ ስምንት ነበር እኮ» አለች። «አይቼዋለሁ።» «ቤት ወጥቶልን ነበር።» «አይቼዋለሁ አልኩሽ።» ቁጭ አለች። ለምን አልነገርሽኝም አላለቻቸውም፤ ለምን ደበቅሽኝ አላሏትም።

ላፕቶፑን ሳበች። መስመሯን አጠፋቻት፤ ደቂቃም አልፈጀ። ከዚያ እጇ ቆመ። «የጠፋውም ይመዘገባል» አለች። «ለምን አስገባሽ፣ ለምን አወጣሽ ይላሉ። እዚህ ምክንያት ጻፊ ይላል። ምን ልበላቸው?» እማማ ከዳቦው ላይ ቆርሰው በእጇ አስያዟት። «እውነቱን ጻፊ። ባለቁጥሩ አያቴ ነበሩ በይ። ከስድስት ዓመት በፊት ሞተዋል። ሚስታቸው ደብቀው ኖረው ዛሬ በገዛ እጃቸው አሳውቀዋል በይ።» ልጅቷ ጻፈች፤ እየጻፈች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታነበዋለች። «ደብቀው» የምትለዋ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ፤ ጣቷ ግን ጻፈ። «ከሥሩ፣ ልጅቷ ምንም አታውቅም፣ ጥፋቱ ሁሉ የሚስትየው ነው ብለሽ ጨምሪበት» አሉ እማማ።

ልጅቷ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ይህችኛዋን መስመር ሳትጽፍ፣ ሙሉ ስሟን እስከ አያቷ ጽፋ፣ ላከችው።